ቀበቶው የማን ነው? አንደኛውስ ማን ነው? የቡጢኛ መመዘኛዎች ሲነጻጸሩ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር፣ ምሳ ተበልቶ በርጫው ሞቅ ሲል የቡጢ ክርክር ከተነሳ መድረሻው ይታወቃል። አንዱ፣ «አቦ፣ ቀበቶው ያለው ማን ጋ ነው? እሱ ጋ! አለቀ፤ አንደኛው እሱ ነው» ይላል። ሌላው ፈገግ ብሎ፣ «ቀበቶማ ሦስት ወር ያልቆየለት ቻርልስ ማርቲንም አስሮት ነበር» ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚደማመጥ የለም። የማይግባቡት የሚከራከሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ስላልሆነ ነው። አንዱ የሚጠይቀው «ማዕረጉ የማን ነው?» ነው፤ ሌላው ደግሞ «ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?» እያለ ነው።

ታይዋን ገበያ ገብቶ ጫማ የሚገዛ የድሬ ልጅ ጎኑ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ሶሉን ያጥፈዋል፣ ስፌቱን በጥፍሩ ይጭረዋል፣ ውስጡን ያሸተዋል። ቀበቶም ምልክት ነው። አንዳንዴ ከዕቃው ጋር ይስማማል፣ አንዳንዴ አይስማማም። የእኛን አቋም ከወዲሁ ለመናገር፦ ቀበቶ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በክብደቱ ከዓለም ምርጥ አሥር ውስጥ አለ፤ አንደኛ መሆኑን ግን ቀበቶው ብቻውን አያሳይም። የትኛውን መመዘኛ መቼ ማንሳት እንዳለባችሁ ከዚህ በታች እያነጻጸርን እናያለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቀበቶ፦ ማን ሰጠው? በምን መንገድ መጣ?

በፕሮፌሽናል ቦክስ «የዓለም ሻምፒዮን» የሚለውን ማዕረግ የሚሰጡ አራት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። ደብሊው ቢ ኤ በ1921 በሌላ ስም ተመስርቶ በ1962 የአሁኑን ስም ያዘ። ደብሊው ቢ ሲ በ1963፣ አይ ቢ ኤፍ በ1983፣ ደብሊው ቢ ኦ በ1988 መጡ። በወንዶች 17 የክብደት ምድቦች አሉ (18ኛውን ደብሊው ቢ ሲ በ2020 ጨምሯል)። 17ን በ4 አባዙት፤ 68 የዓለም ሻምፒዮን በአንድ ጊዜ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ደብሊው ቢ ኤ በአንድ ክብደት ውስጥ «ሱፐር» እና «መደበኛ» የሚላቸው ሁለት ሻምፒዮኖች የነበሩበት ጊዜ ብዙ ነው። «ጊዜያዊ» ሻምፒዮንም አለ። «ሲልቨር»፣ «ኢንተርናሽናል»፣ «ኢንተርኮንቲኔንታል» የሚባሉት ደግሞ ጭራሽ የዓለም ማዕረግ አይደሉም፤ ፖስተር ላይ ግን ወርቁ እኩል ያብለጨልጫል፣ ከሩቅ አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀበቶው ላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡት።

ቀጥሎ መንገዱ። ቀበቶ ወገብ ላይ የሚደርስባቸው መንገዶች እኩል አይመዝኑም። ከሁሉ የሚበልጠው ባለቤቱን ሪንግ ውስጥ አሸንፎ መውሰድ ነው። ባለቤት ያጣ ቀበቶ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የማርቲን ነገር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። በኅዳር 2015 ታይሰን ፊዩሪ ዱስልዶርፍ ላይ ቭላድሚር ክሊችኮን በነጥብ አሸነፈ። ውሉ የመልስ ግጥሚያ ያስገድደው ነበር፤ አይ ቢ ኤፍ ደግሞ «የግዴታ ተጋጣሚህ ግላዝኮቭ ነው፣ እሱን ግጠም» አለው። አልተስማሙም፤ ድል ካደረገ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቀበቶውን ነጠቁት። በጥር 2016 ግላዝኮቭና ቻርልስ ማርቲን ለባዶው ቀበቶ ተጋጠሙ። በሦስተኛው ዙር የግላዝኮቭ ጉልበት ከዳው፣ መቀጠል አልቻለም። ማርቲን የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ተባለ። በሚያዝያ አንቶኒ ጆሹዋ በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ቀበቶው ሦስት ወር አልቆየለትም። ማርቲን ሻምፒዮን የነበረ መሆኑን ማንም አይክድም፤ በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ክሊችኮን ያሸነፈው ፊዩሪ እያለ እሱ አንደኛ ነበር የሚል ግን አይገኝም።

ሦስተኛው መንገድ በጠረጴዛ ነው። በየካቲት 1978 ሊዮን ስፒንክስ በስምንተኛ የፕሮፌሽናል ግጥሚያው መሐመድ አሊን አሸነፈ። ደብሊው ቢ ሲ ኬን ኖርተንን እንዲገጥም ቢጠይቀውም ስፒንክስ ከአሊ ጋር የመልሱን መረጠ። ድርጅቱ ማዕረጉን ነጥቆ ለኖርተን ሰጠው፤ ምክንያት ያደረገው ኖርተን በ1977 መጨረሻ ጂሚ ያንግን ማሸነፉን ነው። ኖርተን ለዓለም ማዕረግ ሦስት ጊዜ ሪንግ ገብቷል፦ በ1974 ከፎርማን፣ በ1976 ከአሊ፣ በ1978 ከላሪ ሆልምስ ጋር። ሦስቱንም ተሸንፏል። የማዕረግ ፍልሚያ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ በመዝገብ የዓለም ሻምፒዮን ነው! ግን እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ኖርተን በእርግጥም በዘመኑ ከምርጦቹ አንዱ ነበር። በ1973 የአሊን መንጋጋ ሰብሮ ያሸነፈ ሰው ነው። ቀበቶውን በጠረጴዛ ማግኘቱ ደካማ ነበር አያሰኘውም፤ ስለ ችሎታው ከቀበቶው የምናውቀው ነገር ግን የለም። ማስረጃው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ማዕረግ የሚጠፋበትም መንገድ መታየት አለበት፤ ሚዛን ላይ የሚቀር ቀበቶ አለና። በመጋቢት 2014 ሻምፒዮኑ ኦርላንዶ ሳሊዶ ከቫሲል ሎማቼንኮ ጋር ሊጋጠም ሲመዘን ከ57.15 ኪሎ ጣሪያ አንድ ኪሎ ያህል አለፈ። ቀበቶው እዚያው ሚዛኑ ላይ ቀረ። በማግስቱ ምሽት በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ አሸነፈ። ስለዚህ ሎማቼንኮ ተሸነፈ፣ ሳሊዶ አሸነፈ፣ ቀበቶው ግን የማንም ሳይሆን ቀረ። በዚያ ምሽት «ቀበቶው የማን ነው?» ብሎ የሚከራከር ሰው ምን ይላል? በነገራችን ላይ የሚመዘኑት አንድ ቀን ቀድመው ነው፤ በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ውኃውን መልሰው ጠጥተው ብዙ ኪሎ ጨምረው ይገባሉ። አይ ቢ ኤፍ ግን ለብዙ ዓመታት በግጥሚያው ዕለት ጠዋት እንደገና መዝኖ ከጣሪያው ከ4.5 ኪሎ በላይ እንዳያልፉ ሲቆጣጠር ቆይቷል። ስለዚህ «በአንድ ክብደት ውስጥ ናቸው» ሲባልም በልኩ ነው።

አራቱንም የሰበሰበ

ከአንድ ቀበቶ የሚሻለው መመዘኛ አራቱን በአንድ ሰው ወገብ ላይ ማየት ነው። ያን ጊዜ በዚያ ክብደት ውስጥ ሌላ ሻምፒዮን የለም፤ የሸሸው ሰው ቢኖር እንኳ ቀበቶ ይዞ የሚሸሽ የለም። ኦሌክሳንደር ኡሲክ በግንቦት 18 ቀን 2024 ሪያድ ላይ ፊዩሪን ሲያሸንፍ በከባድ ሚዛን ከሌኖክስ ሌዊስ ወዲህ የመጀመሪያው አከራካሪ ያልሆነ ሻምፒዮን ሆነ። (የሪያድና የድሬ ሰዓት አንድ ነው፤ ግጥሚያው እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ነበር። ከላስ ቬጋስ የሚመጣው ግን እሁድ ጠዋት 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰን።)

እስቲ ያን ግጥሚያ ጠጋ ብለን እንየው፤ የነጥብ ወረቀት ማንበብ ያስተምራልና። ሦስት ዳኞች ነበሩ። አንዱ 115 ለ112 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ113 ለኡሲክ፣ አንዱ 114 ለ113 ለፊዩሪ ሰጡ። አሁን የእያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ቁጥሮች ደምሩ። ሦስቱም 227 ይመጣሉ። አንድ ተራ ዙር 10 ለ9 ነው (ለአሸናፊው 10፣ ለተሸናፊው 9)፣ ድምሩ 19። 12 ዙር በ19 ሲባዛ 228 ነው። የጎደለችው አንድ ነጥብ የት ሄደች? ዘጠነኛው ዙር ላይ ፊዩሪ ተንገዳግዶ ገመዱ ባይይዘው ይወድቅ ነበር፤ የሪንግ ዳኛው ቆጠረበት፤ ዙሩ 10 ለ8 ሆነ። ያ ቆጠራ ባይኖርና ዙሩ በ10 ለ9 ቢያልቅ መካከለኛው ወረቀት 114 ለ114 ይሆን ነበር። አንድ ለኡሲክ፣ አንድ ለፊዩሪ፣ አንድ እኩል፤ ግጥሚያው አቻ ነበር የሚባለው። አራት ቀበቶ የተንጠለጠለው በዚያች አንድ ነጥብ ላይ ነበር። «ኡሲክ ይበልጣል» ለማለት ከዚያ ምሽት ይልቅ በታኅሣሥ 2024 የተደረገው መልስ ይሻላል፤ ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ብለው ለኡሲክ ሰጥተውታል።

የዚህ መመዘኛ ችግር ዕድሜው ማጠሩ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ የግዴታ ተጋጣሚ አለው፣ የራሱ ቀነ ገደብ አለው፣ ከማዕረግ ግጥሚያ ክፍያ ላይ በተለምዶ 3 በመቶ ያህል ይቆርጣል። አራት አለቃ ያለው ሠራተኛ አንዱን ማስቀየሙ አይቀርም። ኡሲክ የፊዩሪ መልስ ስለነበረበት የአይ ቢ ኤፍን ቀበቶ በዚያው ክረምት ለቀቀ። ቀበቶው ጊዜያዊ ሻምፒዮን ለነበረው ለዳንኤል ዱብዋ ተላለፈ። ዱብዋ ማለት ኡሲክ ራሱ በነሐሴ 2023 በዘጠነኛው ዙር ያስቆመው ሰው ነው! ከዚያም ዱብዋ በመስከረም ጆሹዋን ዌምብሊ ላይ ዘረረ፤ ፖስተሩን ብቻ ያየ ሰው ኡሲክና ዱብዋ እኩያ ሻምፒዮኖች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። በሐምሌ 2025 እንደገና ሲገናኙ ኡሲክ በአምስተኛው ዙር ዘረረውና አራቱንም መልሶ ያዘ። ከዓመት በላይ አንደኛው ቀበቶ የተሸነፈው ሰው ወገብ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሐረጉ፦ «ሰውየውን ያሸነፈው ሰው»

ጠረጴዛውን ለማይወዱ ሰዎች ሌላ መመዘኛ አለ። አንደኛውን ያሸነፈ አንደኛ ይሆናል፤ እሱን የሚያሸንፈው እስኪመጣ ድረስ ማንም አይነጥቀውም። እንደ ዘር ቆጠራ ነው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ መቁጠር ነው። ድርጅቶቹ የሚነጥቁትና የሚሰጡት እዚህ አይሠራም። ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው።

ክፉ ጎኑ ሰው ማርጀቱን አለማወቁ ነው። ጆርጅ ፎርማን በኅዳር 1994፣ በ45 ዓመቱ፣ ማይክል ሙረርን ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ። ድርጅቶቹ ያዘዙለትን ሰዎች አልገጥምም ሲል ደብሊው ቢ ኤም አይ ቢ ኤፍም ቀበቶዎቻቸውን ወሰዱ። ሐረጉ ግን እስከ ኅዳር 1997፣ ሻነን ብሪግስ በነጥብ እስኪያሸንፈው ድረስ፣ አብሮት ነበር። በዚያ መካከል ሌሎቹ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች፣ ሆሊፊልድም ሌኖክስ ሌዊስም፣ ነበሩ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሐረጉ ባለቤት ወደ 49 ዓመቱ የሚጠጋ፣ ተጋጣሚውን እየመረጠ አልፎ አልፎ የሚቧቀስ ሰው ነበር። ሻምፒዮኑ ሪንግ ሳይገባ ጡረታ ሲወጣም ሐረጉ ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚቀጥለው እያንዳንዱ የየራሱን ይናገራል። ስለዚህ ታሪክ ለማውራት ይመቻል፤ ዛሬ ማን ይበልጣል ለሚለው ግን ቀበቶው ራሱ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማን ማንን መታ

እኛ ከሁሉም አስበልጠን የምንይዘው ይሄን ነው፤ ግን በጥንቃቄ። በክብደቱ ካሉት ምርጥ አምስት ሰዎች ውስጥ ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንቱን ገጠመ? ስንቱን አሸነፈ? እንዴት? ይሄንን የሚመልስ ቡጢኛ ቀበቶ ቢኖረውም ባይኖረውም አንደኛ ለመባል የሚያበቃ ጉዳይ አለው።

ጥንቃቄው ለምን? «ሀ ለን ካሸነፈ፣ ለ ሐን ካሸነፈ፣ ሀ ሐን ያሸንፋል» የሚለው ሒሳብ ቡጢ ላይ ስለማይሠራ ነው። በመጋቢት 1971 ጆ ፍሬዚየር አሊን በ15 ዙር በነጥብ አሸነፈ። በጥር 1973 ፎርማን ፍሬዚየርን ኪንግስተን ላይ በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ወለል ላይ ጥሎ አስቆመው። ኖርተንንም በ1974 በሁለት ዙር ጨረሰው። እንግዲህ አሊን ያሸነፉትን ሁለቱን ሰዎች በአራት ዙር ብቻ ያደቀቀ ሰው ነው። በጥቅምት 30 ቀን 1974 ኪንሻሳ ላይ ከአሊ ጋር ሲገናኝ በሒሳቡ መሠረት አሊ ማለቅ ነበረበት። አሊ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። ምክንያቱ ምትሐት አይደለም። ፍሬዚየርና ኖርተን ወደ ፊት እየመጡ የሚቧቀሱ ናቸው፤ ለፎርማን ረጅምና ከባድ ቡጢ በሩን ከፍተው ነው የገቡለት። አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ በክንዱ እየተቀበለ አደከመው። የአቧቀስ ስልት ለአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው።

አንድ ምሽት ብቻ የሆነውንም አታጋንኑት። በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ማይክ ታይሰንን በአሥረኛው ዙር ዘረረ፤ በዚያ ምሽት በእርግጥም የተሻለው እሱ ነበር። በጥቅምት ሆሊፊልድ በሦስተኛው ዙር ጣለው። በሚያዝያ 2001 ደግሞ ሀሲም ራህማን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሌኖክስ ሌዊስን በአምስተኛው ዙር ዘረረ። ቦታው ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ራህማን ቀደም ብሎ ገብቶ አየሩን ለመደ፣ ሌዊስ ዘግይቶ ደረሰ። ይሄን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ፣ ደንገጎን ወጥቶ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር ገብቶ በዚያው ቀን ኳስ የተጫወተ ሰው ሳንባው ነግሮታል። በኅዳር መልሱ ሲደረግ ሌዊስ በአራተኛው ዙር ራህማንን ዘረረ። ስለዚህ አንድ ድል ስታዩ መልስ ተደርጎ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ የተደገመ ውጤት ከአንድ ቀበቶ ይበልጣል።

ያልተሸነፈ የሚለው ነገር

መዝገቡ ላይ ዜሮ ያለው ሰው ያምራል። ግን ዜሮ የሚገዛ ነገር ነው። ሜይዌዘር 50 ግጥሚያ አሸንፎ አልተሸነፈም፤ ሃምሳኛው በነሐሴ 2017 የተደረገው ከኮነር ማክግሬገር ጋር ነው፤ ማክግሬገር ከዚያ በፊት አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ አልነበረውም። በቀሪዎቹ ግን ሜይዌዘር የዘመኑን ታላላቅ ሰዎች አሸንፏል፤ ስለዚህ ያሳመነን ቁጥሩ ሳይሆን ውስጡ ያሉት ስሞች ናቸው። መዝገብ ስታነቡ ከታች ወደ ላይ ሂዱ። የመጨረሻዎቹን አሥር ተጋጣሚዎች አንድ በአንድ አንሱ፤ በዚያን ጊዜ ስንት ዓመታቸው ነበር? ከእሱ በፊት የነበረውን ግጥሚያ አሸንፈው ነበር ወይስ ተዘርረው? ከየትኛው ክብደት ነው የመጡት? የት ተደረገ? ከአሥሩ ሰባቱ ከሽንፈት የመጡ ከሆኑ ዜሮው የአወዳዳሪው ሥራ ነው።

የደረጃ ሰንጠረዥስ? ድርጅቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ተፎካካሪዎች ይደረድራሉ፤ የሌሎቹን ድርጅቶች ሻምፒዮኖች ግን ከመደርደሪያው ያወጧቸዋል። ስለዚህ «ቁጥር 1 ተፎካካሪ» የተባለው ሰው ሻምፒዮኖቹ ሁሉ ሲቆጠሩ አምስተኛ ሊሆን ይችላል። ከድርጅቶቹ ውጭ የሚያወጣው ዘ ሪንግ መጽሔት በ1922 የተመሠረተ ነው፤ በብዙ ሰዎች ዘንድ ይታመናል። ቢሆንም በ1977 የተጋነነ የቡጢኞች መዝገብ ይዞ በመገኘቱ ትልቅ ቅሌት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ግጥሚያ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ሁለት ሰንጠረዥ አስተያዩና የሚስማሙበትን ብቻ ያዙ። «ክብደታቸው እኩል ቢሆን» ተብሎ የሚወጣው ዝርዝር ግን ለበርጫ ጨዋታ ነው፤ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፣ ለዚህም ነው የማያልቀው።

ኦሎምፒክና ዩ ኤፍ ሲ

«ኦሎምፒክ እኮ አንድ ወርቅ ብቻ ነው ያለው፣ አራት ድርጅት የለም» የሚል አለ። ልክ ነው፤ ግን ዳኛውና የቀረው ሰውስ? በ1988 ሴኡል ላይ ሮይ ጆንስ የኮሪያውን ልጅ ሦስቱንም ዙር ሲቀጠቅጠው ዋለ፤ አምስቱ ዳኞች 3 ለ2 ለኮሪያው ሰጡ። የውድድሩ ምርጥ ስልተኛ ቡጢኛ ተብሎ የተሸለመው ግን ብር ያገኘው ጆንስ ነው! በ1984 ሎስ አንጀለስ ደግሞ ኩባና ሶቪየት ኅብረት አልመጡም፤ ኢትዮጵያም አልሄደችም። በ1972፣ በ1976 እና በ1980 የከባድ ሚዛን ወርቁን የወሰደው ኩባዊው ቴኦፊሎ ስቴቨንሰን አገሩ ተቀምጦ ነበር። አሜሪካ ከ12ቱ የቦክስ ወርቆች 9ኙን ሰበሰበች። ከወርቁ ጎን ሁልጊዜ «ማን ቀረ?» ብላችሁ ጻፉበት።

ቡጢ፣ እርግጫና ትግል በሚቀላቀልበት በዩ ኤፍ ሲ ለአንድ ክብደት አንድ ሻምፒዮን ነው ያለው፤ ከቦክስ ይልቅ የጠራ ይመስላል። ቀበቶው ግን የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ከኩባንያው የወጣ ሰው ሳይሸነፍ ይነጠቃል። ፍራንሲስ ንጋኑ በጥር 2022 ሲሪል ጋንን አሸንፎ ማዕረጉን አስከበረ፣ በጥር 2023 በውል ሳይስማማ ቀርቶ ወጣ። በመጋቢት ጆን ጆንስ ያንኑ ጋንን በአንደኛው ዙር አንቆ ባዶውን ቀበቶ ወሰደ። ከሁለቱ ማን ይበልጣል? አልተገናኙም። ቀበቶው የነገረን ጆንስ ያኔ ኩባንያው ውስጥ እንደነበረ ብቻ ነው።

ታዲያ የቱን እናንሳ?

ጥያቄው ይወስነዋል። ማን ሻምፒዮን እንደነበር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ድርጅት የሚል ከሆነ ቀበቶውን ውሰዱ፤ መዝገብ ነው፣ ክርክር የለውም። ዛሬ በዚህ ክብደት ማን ይበልጣል ከሆነ የሁለት ዓመት ግጥሚያዎችን አንሱ፣ ቀበቶውን እንደ ጥቆማ ብቻ ያዙ። ነገ ማታ ማን ያሸንፋል ከሆነ ቀበቶውን ጭራሽ ተዉትና የሁለቱን ስልት፣ የክንድ ርዝመት፣ ዕድሜ፣ መጨረሻ የተቧቀሱበትን ቀንና ሚዛን ላይ እንዴት እንደቀረቡ እዩ። ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ሚዛን ላይ የወጣ ሻምፒዮን ቀበቶው አይዋጋለትም። የዘመናት ታላቅ ማን ነው ከሆነ ግን… ቡና አፍሉ፣ ሌሊቱ ረጅም ነው።

ቸኩላችሁ ከሆነ አምስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ቀበቶው ሙሉ የዓለም ማዕረግ ነው? ከማን ወሰደው፣ ከሻምፒዮን ወይስ ከባዶ? መጨረሻ ያስከበረው መቼ ነው? ያን ጊዜ የተሸነፈለት ሰው ከምርጥ አምስቱ ነበር? ሊገጥመው የሚገባ ግን ያልገጠመው ማን አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሌሎቹን አራቱን መልስ ያናጋል።

ግድግዳ ላይ ያለ ሜዳሊያ

ይሄ ሁሉ ሩቅ ቢመስልም ድሬና ሐረር ውስጥ በየሰፈሩ ይመጣል። ቦክስ ወይም ኪክቦክስ የሚያስተምር ጂም በር ላይ «ሻምፒዮን» የሚል ተለጥፏል፤ ወላጅም ያንን አይቶ ልጁን ያስመዘግባል። እዚህም ያው ነው፤ ማን የሰጠው ነው? በየትኛው ክብደትና ዕድሜ? ኪክቦክስ ውስጥ «የዓለም» የሚል ማዕረግ የሚሰጡ ድርጅቶች ከቦክሱም ይበዛሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በምድቡ ስንት ሰው ነበር የሚለው ነው። 16 ሰው ባለበት ወርቅ ለማግኘት 4 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል፣ 32 ባለበት 5 ጊዜ፣ 4 ባለበት 2 ጊዜ። በአማተር ቦክስ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ ስለሚያገኙ 4 ሰው ባለበት ምድብ አንድም ግጥሚያ ሳያሸንፍ ሜዳሊያ ያንጠለጠለ ሰው ይኖራል። ሁለት ሰው ብቻ ከነበረ ብሩ የተሸናፊው ነው። ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በእውነት ያሸነፈ አሰልጣኝ ሲጠየቅ ደስ ብሎት ይዘረዝራል።

ደግሞ ጥሩ ቡጢኛ ጥሩ አሰልጣኝ ነው ማለት አይደለም። የአሊ አሰልጣኝ አንጀሎ ዳንዲ የዓለም ሻምፒዮን አልነበረም። ኤዲ ፈች በልቡ ሕመም ምክንያት ፕሮፌሽናል እንኳ ሳይሆን ፍሬዚየርንም ኖርተንንም አሰልጥኖ ሁለቱም አሊን አሸንፈዋል። ስለዚህ ከፎቶው ይልቅ ሥራውን እዩ። ጀማሪውን በመጀመሪያው ሳምንት ከትልቅ ልጅ ጋር ያጋጥማል? እጅ በፋሻ በትክክል መጠቅለልን ያስተምራል? ለልምምድ ግጥሚያ ትልቁን፣ የ16 አውንስ ጓንት ያስለብሳል ወይስ ከረጢት በሚመታበት ቀጭን ጓንት ፊት ያስመታል? ጭንቅላቱን ተመቶ የተዘረረን ልጅ በአማተር ደንብ ቢያንስ 30 ቀን ከግጥሚያ ማራቅ እንዳለበት ያውቃል? ሚዛን ለማውረድ ብሎ በድሬ ሙቀት ልጁን ላስቲክ አልብሶ የሚያስሮጥ ከሆነ የዓለም ቀበቶ ቢኖረውም ውጡ። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ሚዛን ለመቀነስ ሲሉ ሞተዋል፤ በማግስቱ ዓመት ላስቲክ ልብስ በኮሌጅ ትግል ተከልክሏል።

በጥቅምት 1 ቀን 1975 ማኒላ ላይ ፍሬዚየር ለአሊ ቀበቶ ሦስተኛ ጊዜ ሲገጥመው ከ14 ዙር በኋላ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ ነበር። አንድ ዙር ቀርቷል። ፍሬዚየር ልግባ እያለ ፈች አስቆመው፤ ቀበቶው ለአሊ ቀረ። ጂም ለመምረጥ ስትሄዱ የልምምድ ግጥሚያ ባለበት ቀን ሂዱ፤ ጥግ ላይ ተቀመጡና የደከመው ልጅ ፊቱን ማዞር ሲጀምር አሰልጣኙ ዙሩ እስኪያልቅ እንደሚጠብቅ ወይም ገመዱን አልፎ እንደሚገባ እዩ።